ፎቶ አይንኳኳም፦ በስልክ የምንገዛው የወጥ ቤት ዕቃ ፎርጅድ እንዳይሆን

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሸክላ ተራ ትንሽ የቆመ ሰው የሚያየው ነገር አለ። ገዢዋ ድስቱን በግራ እጇ ታነሣና የቀኝ እጇን ጣት አጠፍ አድርጋ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ዋጋ ትጠይቃለች። ድምፁ ከታፈነ የሆነ ቦታ ስንጥቅ አለና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሻጯ በአርባ አራቱ ታቦት ብትምልላትም ገዢዋ የምታምነው ጆሮዋን ነው።

ይህችው ሴት ማታ ቤቷ ገብታ ስልኳን ስትከፍት ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ብሌንደሩ፣ ውሃ ማፍያው፣ ኤር ፍራየሩ፣ ፕሬዠር ኩከሩ በየቴሌግራም ቻናሉና በየፌስቡክ ገጹ ተደርድሯል። "ኦሪጅናል፣ ከነጋራንቲው፣ ያሉበት እናደርሳለን" ይላል። ፎቶ አይንኳኳም፤ እሷም ሳታንኳኳ ቀብዱን በቴሌብር ትልካለች።

እኔ እዚሁ ጎንደር አራዳ አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ እጠግናለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ "ተበላሸብኝ" ተብሎ ከሚመጣው የወጥ ቤት ዕቃ ውስጥ ብዙው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ዕቃውን ከከፈትኩ በኋላ የማየውን፣ እናንተ ደግሞ ሳትከፍቱት፣ ቢቻል ሳትከፍሉም ልታዩት የምትችሉትን ነው።

ያለፈው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አዘዞ ያሉት አክስቴ ሱፍና ተልባ የሚፈጩበት ብሌንደር ፈለጉ። ልጃቸው ከአንድ ቻናል አዘዘላቸው። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ካርቶኑ ያምራል፤ የታወቀ የአውሮፓ ስም አለበት፤ ከጎኑ ደግሞ በትልቁ "4500 ዋት" ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ሱፍ እየፈጨ ሳለ የተቃጠለ ጎማ ሸተተና ቀጥ አለ። "ልጄ፣ መብራቱ ነው መሰለኝ ያቃጠለብኝ" ብለው በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። ከፈትኩት። ሞተሩ መዳፌ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ጥምጥሙ ሲታይ መዳብ ይመስላል፤ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ሳደርገው ግን ነጭ ሆነ። አሉሚኒየም ነው፣ የመዳብ ቀለም የተቀባ። እንዲህ ያለ ቀጭን አሉሚኒየም ሽቦ ጁስ ሊያማስል ይችል ይሆናል፤ ሱፍ መፍጨት ግን አይችልም።

"ስንት ቀን ሆነው ከገዙት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ሃያ አንድ ቀን። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዋቱን አስሉት

ፎርጅድ ዕቃን ከፎቶ ለመለየት የሚበጀው መንገድ አራተኛ ክፍል የተማርነው ማካፈል ነው። ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት ነው። ዕቃው የሚበላው ዋት ለ220 ሲካፈል በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን አምፔር ይሰጣል። 4500ን ለ220 አካፍሉት፤ ከ20 አምፔር በላይ ይመጣል። አሁን ስፒናውን፣ ማለትም ግድግዳ ላይ የምንሰካውን ጫፍ፣ ተመልከቱ። ወፍራሙ ክብ ስፒና ላይ ብዙ ጊዜ "16 አምፔር 250 ቮልት" የሚል ታትሟል። 16 በ220 ሲባዛ 3520 ዋት ነው፤ ስፒናው ከዚያ በላይ እንዲሸከም አልተሠራም። ጠፍጣፋና ቀጭን የሆነው፣ ሁለት ቀጫጭን እግር ያለው ስፒና ደግሞ የ2.5 አምፔር ነው፤ 550 ዋት ብቻ። የአክስቴ ብሌንደር 4500 ዋት ነኝ እያለ የመጣው በዚህ በቀጭኑ ስፒና ነው። ሌላ ምንም ሳይታይ ውሸቱ እዚያው ላይ አልቋል።

ስሌት የማይወድ ሰው የእንጀራ ምጣዱን ያስብ። ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይበላል። ምጣድ ሲሰካ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፣ ቆጣሪ የሚጋራ ጎረቤት "ምጣድ ጣዳችሁ እንዴ?" ይላል፣ ሽቦው ሲነካ ለብ ይላል። እንግዲህ ሙዝና አቮካዶ የሚፈጭ ዕቃ እንጀራ ከሚጋግረው ምጣድ በልጦ ሊበላ ነው? 8500 ዋት የተጻፈበት ብሌንደርም በየቻናሉ አለ። ሁለት ምጣድ ተኩል ማለት ነው።

በነዚህ ብሌንደሮች ላይ ደጋግሞ ከሚታዩት ስሞች አንዱ ሲልቨር ክረስት ነው። ይህ ስም ሊድል የሚባለው የጀርመን የሱፐርማርኬት ድርጅት ለራሱ ሱቆች የሚጠቀምበት ምልክት ነው። ሊድል ሱቅ ያለው አውሮፓና አሜሪካ እንጂ አፍሪካ ውስጥ አይደለም። ከዚያ የገዛ ሰው ሻንጣው ውስጥ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በደርዘን ተደርድሮ 4500 እና 8500 ዋት ተጽፎበት ሲሸጥ ስታዩ ግን ስሙን ከዕቃው ለይታችሁ አስቡት።

ታዲያ ትክክለኛው ስንት ነው? የቤት ብሌንደር አብዛኛው ከ300 እስከ 1200 ዋት ነው፤ ጁስ ቤት ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ትልቁ እንኳ 2000 አካባቢ ይቆማል። ውሃ ማፍያ ከ1500 እስከ 2200፣ ኤር ፍራየር ከ1400 እስከ 1800 ገደማ ይሆናል። ማይክሮዌቭ ሁለት ቁጥር ስላለው ያደናግራል፤ 800 ዋት የሚባለው ምግቡ የሚያገኘው ሙቀት ሲሆን ከሶኬት የሚስበው ከ1200 ሊያልፍ ይችላል። እሱ ማጭበርበር አይደለም።

አንዳንድ ሻጭ "ይሄ እኮ ማክሲመሙ ነው" ብሎ ይከራከራል። ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው በላይ መሳቡ እውነት ነው። ግን ለመግዛት የሚጠቅመው ሳያቋርጥ የሚሠራበት ዋት ነው። እሱም የሚገኘው ከዕቃው ሥር በተለጠፈችው ትንሽ ታርጋ ላይ ነው፤ ካርቶኑ ላይ አይደለም። ሻጩን "የሥሩን ታርጋ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ" በሉት። ታርጋው ላይ የሞዴል ቁጥር፣ ቮልት፣ ኸርዝ፣ ዋትና የአምራቹ ስም ሊኖር ይገባል። ካርቶኑና ታርጋው የተለያየ ዋት ከተናገሩ ንግግሩን እዚያው አቁሙ።

ታርጋውን ስታገኙ ቮልቱን ደግማችሁ እዩ። 110 ወይም 120 ቮልት ካለ ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ እውነተኛ ኦሪጅናል ሊሆን ይችላል፤ እኛ ቤት ሲሰካ ግን እጥፍ ገደማ ቮልት ያገኛል፤ ማሞቂያ ከሆነ ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ዋት ይስባል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ኦሪጅናል ጭሱን ነው የምታዩት። ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስፒና ደግሞ ከዱባይ ወይም ከሳዑዲ የመጣ ዕቃ ላይ የተለመደ ነው፤ ስፒናው እንግዳ መሆኑ ብቻውን ፎርጅድ አያደርገውም።

ቆጣሪው አይዋሽም

ዕቃው እጃችሁ ከገባ በኋላ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ያለ መለኪያ አለ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ ነጥብ አለች። አጠገቧ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፤ 1000 ወይም 1600 ሊሆን ይችላል። ቤት ያለውን ሁሉ አጥፉ፤ ፍሪጁንም። ነጥቧ ከቆመች በኋላ የገዛችሁትን ዕቃ ብቻ ሰክታችሁ አስነሡትና ለአንድ ደቂቃ ብልጭታውን ቁጠሩ። የቆጠራችሁትን በ60 አባዙ፣ ቆጣሪው ላይ ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉ፤ ያ ኪሎ ዋቱ ነው።

ለምሳሌ 1000 የሚል ቆጣሪ ላይ እውነተኛ የ2000 ዋት ውሃ ማፍያ በደቂቃ 33 ጊዜ ገደማ ያበራታል። አንድ ጊዜ ደንበኛዬ ቤት ድረስ ሄጄ 4500 የተባለውን ሌላ ብሌንደር እንዲህ ለካሁት። በደቂቃ ስድስት ጊዜ በራ። ስድስት በ60፣ 360 ዋት። ባለቤቲቱ ከሳቁ በኋላ "ታዲያ የቀረውን ዋት ማን ወሰደው?" አሉኝ።

በርግጥ ብሌንደር ባዶውን ሲዞር የሚበላው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የሚፈጭ ነገር ጨምራችሁ ለኩት። ውሃ ማፍያ ለመፈተን ደግሞ ቆጣሪም አያስፈልግም። አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ ጨምሩና ሰዓት ያዙ። 2000 ዋት የሆነ ማፍያ ጎንደር ላይ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ስድስት ደቂቃ ከፈጀበት ግማሽ ዋት ነው የገዛችሁት።

ግን ፍርዱን በማታ አትስጡ። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚሰካበት ሰዓት ቮልቱ ይወርዳል። 190 ቮልት ላይ ያለ ማሞቂያ ከዋቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። ጠዋት አረፋፍዶ ወይም መብራቱ ደኅና በሚሆንበት ሰዓት ድገሙት። በዚያ ላይ ጠፍቶ ሲመጣ ዘልሎ የሚገባው ቮልት ኦሪጅናሉንም ያቃጥላል። የተቃጠለ ሁሉ ፎርጅድ ነው ማለት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ አንዳንድ ደንበኛ ሻጩን ሊከስ ቆርጦ መጥቶ የአሥር ዓመት ጥሩ ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣል።

ከዋቱ ቀጥሎ የማየው ሽቦውን ነው። ፎርጅድ ሠሪ መጀመሪያ የሚቆጥበው መዳብ ላይ ነው፤ መዳብ ውድ ነውና። ማግኔት ይዛችሁ ስፒናው እግር ላይ አስጠጉት። ደኅና ስፒና ከነሐስ ይሠራል፤ ማግኔት አይዘውም። ጥብቅ አድርጎ ከያዘው ከላይ የተለበጠ ብረት ነው፤ እንዲህ ያለው ሶኬት ውስጥ ይግላል፣ ይጠቁራል። የድሮ ስፒከር ማግኔት፣ የፍሪጅ በር ላይ የምትለጠፈው ጌጥ፣ ሁሉም ይሠራል። ገመዱንም ጨብጡት። 2000 ዋት የሚሞቅ ዕቃ ገመዱ እንደ ስልክ ቻርጀር ቀጭን ከሆነ ለአሥር ደቂቃ አሠርታችሁ ዳስሱት። ለብ ማለት ያለ ነው፤ እጅ የሚያስለቅቅ ከሆነ ንቀሉት፣ መልሳችሁም አትሰኩት። ዲቫይደር ላይ ከሆነ የሰካችሁት ደግሞ መጀመሪያ የሚቀልጠው ዲቫይደሩ ነው፤ እሱም ራሱ ፎርጅድ የሚበዛበት ዕቃ ነው።

ክብደትም ይናገራል። ብዙ አምራች በድረ ገጹ ላይ የዕቃውን ክብደት ይጽፋል። የሞዴል ቁጥሩን ጉግል ላይ ፈልጉና ዕቃውን ፍራፍሬ ሻጭ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ሦስት ኪሎ ሊሆን የሚገባው ዕቃ አንድ ኪሎ ከግማሽ ሲሆን የጎደለው መዳብና ብረት ነው። (ፍራፍሬ ሻጩ ሊስቅባችሁ ይችላል። የኔ ጎረቤት አሁን ለምዶታል።)

ፕሬዠር ኩከርን ለብቻው

እስካሁን ያልኩት የገንዘብ ጉዳይ ነው፣ ቢበዛ የሽቦ መቃጠል። ፕሬዠር ኩከር ግን ሌላ ነገር ነው፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ይበልጥ።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሽምብራና ባቄላ፣ የበሬ ሥጋ፣ ከቆላ ከመጣ ሰው ይልቅ እኛን የሚያስጠብቀን ለዚህ ነው፤ እሳት ቢጨመርበትም የሚፈላ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከባሕር ዳርቻ ሰው ይልቅ ለእኛ ይጠቅማል፤ ተፈላጊ ስለሆነም ፎርጅዱ ተከትሎት መጥቷል።

ያ የታፈነ ግፊት እንዳይፈነዳ የሚይዙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛዋ ላዩ ላይ ተቀምጣ የምታፏጨው ከባድ ቁራጭ ናት። ሁለተኛዋ ክዳኑ ላይ ለብቻዋ ያለች ትንሽ የጎማ ወይም የብረት ነጥብ ናት፤ ፉጨቷ በምግብ ከተደፈነ እሷ ተከፍታ ትተነፍሳለች። ሦስተኛው የክዳኑ ዙሪያ ጎማና መቆለፊያው ነው። ፎርጅዱ ላይ ሁለተኛዋ ነጥብ ጌጥ ብቻ ሆና ያየሁበት ጊዜ አለ። ከውጭ ነጥብ፣ ከውስጥ ደፍን ብረት። ክዳኑን ገልብጬ ወደ ብርሃን ሳየው ቀዳዳ የለውም።

እኔ ፕሬዠር ኩከር በፎቶ አልገዛም፣ ሌላም እንዲገዛ አልመክርም። ክዳኑን በእጃችሁ ገልብጡት። የፉጨቷን ቁራጭ አንሥታችሁ በቀዳዳው ብርሃን ይታይ እንደሆነ እዩ። ሁለተኛዋን ነጥብ ከውስጥ በጣት ግፉ፤ ዝም ያለች ግድግዳ ከሆነች ተዉት። ክዳኑ ሲቆለፍ ከወዲያ ወዲህ መንገዳገድ የለበትም። ከገዛችሁም በኋላ የመጀመሪያውን ቀን ሽምብራ አትጨምሩበት። ውሃ ብቻ አድርጋችሁ ሰው በሌለበት ግቢ ውስጥ ጣዱትና ራቅ ብላችሁ ፉጨቱን አዳምጡ።

ስለ ማርክ የምናምናቸው ተረቶች

"ቻይና የተሠራ ነው፣ ስለዚህ ፎርጅድ ነው" የሚለውን በቀን ሦስት ጊዜ እሰማለሁ። ትልልቆቹ የአውሮፓ ስሞች ራሳቸው ብዙ ዕቃቸውን ቻይና ያሠራሉ። የፊሊፕስ የወጥ ቤት ዕቃ ክፍል በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሌላ ኩባንያ ተሸጧል፤ ስሙን ግን በፈቃድ ይዞ ቀጥሏል። ሙሊኔክስና ቴፋል ሴብ በሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ሥር ናቸው፤ ኬንዉድ ደግሞ በጣሊያኑ ዴሎንጊ። ስለዚህ ታርጋው ላይ ከማርኩ የተለየ የኩባንያ ስም ብታዩ ወዲያው አትደንግጡ፤ ስሙን ከማርኩ ጋር ጉግል ላይ ፈልጉት።

ባርኮድም እንዲሁ ነው። "በ690 ከጀመረ የቻይና፣ በ400 ከጀመረ የጀርመን" ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች የሚነግሩን ባርኮዱ በየትኛው አገር እንደተመዘገበ ነው እንጂ ዕቃው የት እንደተሠራ አይደለም። ደግሞም ባርኮድ መስመር ነው፤ ማርኩን የገለበጠ ሰው መስመሩን መገልበጥ አያቅተውም። ሲ.ኢ. የሚባለው የአውሮፓ ምልክትም በአብዛኛው የወጥ ቤት ዕቃ ላይ አምራቹ ራሱ "ሕጉን አሟልቻለሁ" ብሎ የሚለጥፈው ነው። ማርክ የሚሰርቅ ሰው ምልክቱ ላይ ሲደርስ አያፍርም።

የሚጠቅመው የሞዴል ቁጥሩ ነው። ማርኩ ራሱ ድረ ገጽ ላይ ያ ቁጥር ከነሥዕሉ ከሌለ፣ ወይም ቁጥሩ ውሃ ማፍያ ሆኖ እናንተ የያዛችሁት ብሌንደር ከሆነ፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። አንድ ፊደል ጨምረው ወይም ለውጠው የሚጽፉም አሉ፤ ስሙን በቀስታ አንብቡት፣ ፊደል በፊደል።

እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። ስም የሌለው፣ 350 ዋት ተብሎ በእውነት 350 ዋት የሆነ ርካሽ ዕቃ ትልቅ ስም ከለበሰ ፎርጅድ ይሻላል። ፎርጅድ ሠሪ ገንዘቡን ያፈሰሰው ካርቶኑና ማርኩ ላይ ነው፤ ከዚያ የተረፈው ነው ውስጡ የገባው። ስም የሌለው ቢያንስ ለስሙ አልከፈላችሁም።

ሻጩን ማንኳኳት

ዕቃውን ከሩቅ ማንኳኳት ካልተቻለ ሻጩን ማንኳኳት ይቻላል። ፎቶው ከሌላ የተወሰደ መሆኑን ለማወቅ ጉግል ሌንስ ላይ አስገቡት፤ ያው ፎቶ አሥር ቦታ ከወጣ ሻጩ ዕቃውን አይቶት ላያውቅ ይችላል። ከዚያ "ዕቃውን ከጎኑ ስሜንና የዛሬን ቀን በወረቀት ጽፈህ አንሣልኝ" በሉት። ዕቃው እጁ ላይ ላለ ሰው ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። "አይ፣ ስቶር ነው ያለው" ካለ ስቶሩ እስኪከፈት ጠብቁ።

የቴሌግራም ቻናል ከሆነ ወደ ላይ እስከ መጀመሪያው ጽሑፍ ድረስ ውጡ። ቻናሉ ስሙን ሲቀይር ቴሌግራም ራሱ መሀል ላይ ይጽፈዋል፤ ካልተሰረዘ ታገኙታላችሁ። የኳስ ውጤት ሲለጥፍ የነበረ ቻናል በአንድ ቀን ማታ "ኦሪጅናል የቤት ዕቃ" ሆኖ ካደረ ተከታዮቹ ከነቻናሉ ተገዝተው ሊሆን ይችላል። አስተያየት መስጫው ከተዘጋም ለምን እንደተዘጋ ገምቱ።

ከዚያ ዋናው የክፍያው ነገር ነው። አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ሻጩ "መጀመሪያ ሙሉውን አስገባ" ቢል ከእሱ በኩል ምክንያት አለው፣ እናንተም ከእናንተ በኩል አላችሁ። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው የጎንደር ሰው ጥቂት ነው። ዘመዳችሁ ሱቁ ድረስ ሄዶ ዕቃውን ሰክቶ፣ ታርጋውን አይቶ፣ ማግኔቱን አስጠግቶ ከፍሎ በአውቶቡስ ይላክላችሁ። ሱቅ የለኝም ካለ፣ የሚሄድበት ቦታ ከሌለ፣ ያኔ ነገሩ ተገልጧል። ጎንደር ውስጥ ያለ ሻጭ ከሆነ ደግሞ ፒያሳ መንገድ ዳር አትረከቡ። ሶኬት ያለበት ካፌ ግቡ፤ ማኪያቶ እዘዙና ሰክታችሁ እዩት።

ለግል ስልክ ቁጥር ከመላክ ለነጋዴ የክፍያ ቁጥር መላክ ይሻላል፤ የንግድ ፈቃድ ያለው ሰው በኋላ የሚገኝ ሰው ነው። ካርቶኑን ስትከፍቱ ከማሸጊያው ጀምሮ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። "እናንተ ናችሁ የቀየራችሁት" የሚለውን ክርክር የሚዘጋው እሱ ነው።

አሥራ አምስት ቀን

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚለው ግልጽ ነው፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ሻጩ ከዚያ የረዘመ ዋስትና ከሰጠ የሱ ይጸናል። ሱቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አዋጁን አይሽረውም። በስልክ የተጻጻፋችሁትም ዋጋ አለው፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይከለከልም ይላል። ስለዚህ ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ያለበትን መልእክት፣ የክፍያውን ማረጋገጫና የማስታወቂያውን ስክሪንሾት አታጥፉ። ማስታወቂያው ነገ ይጠፋል፤ ስክሪንሾቱን ዛሬ አንሡ። ደረሰኝም ጠይቁ፤ ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው። እምቢ ካለ አቤቱታው የሚሄደው ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ነው።

የአክስቴ ሃያ አንድ ቀን እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ብሌንደሩ የመጀመሪያውን ሳምንት ካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ "ለጾሙ ይቆይ" ብለው። ሁለተኛውን ሳምንት ሙዝ ብቻ ፈጨ። ሱፉ ሲመጣ 15ቱ ቀን አልፎ ነበር። ደረሰኝም አልነበራቸውም፤ ቻናሉም ልጃቸውን አግዶት ነበር። ስለዚህ አዲስ ዕቃ እንግዳ አይደለም፤ ለበዓል አይቀመጥም። በገዛችሁ በማግስቱ ለሚሠራው ሥራ ስጡት፤ ሱፍ ከሆነ ሱፍ፣ በርበሬ ከሆነ በርበሬ። መመሪያው "አንድ ደቂቃ አሠርተህ አሳርፍ" ካለ አክብሩት፤ ከዚያ ውጭ ግን አትራሩለት። የሚሞት ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይሙት።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብተው ማርኩን ሰምቼው የማላውቅ የ400 ዋት ብሌንደር ገዙ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሱፍ አወጡና "በዚህ አሳየኝ፣ ልጄ" አሉት ሻጩን። ሻጩ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ኋላ ፈጨላቸው። ደረሰኙን ራሳቸው አጣጥፈው ያዙ።

የድሮው ሞተር እኔ ጋ ነው፤ ለሚጠይቀኝ ደንበኛ ማሳያ አድርጌዋለሁ። ጎድጓዳው ማሰሮው ግን አዘዞ ቀርቷል። ጎኑ ላይ መስመር ስላለው አክስቴ ሊጥ ሲያቦኩ ውሃ ይለኩበታል። ላዩ ላይ 1.5 ሊትር ይላል። አንድ ቀን ቡና እስኪፈላ በውሃ ጠርሙስ ለካሁት፤ 1.2 ነው።